ለሳቅ የሚከፈል ዋጋ፤ የኮሜዲ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አመጣጥና የሀገራችን ተሞክሮ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያመራው አውራ ጎዳና መርሳን ካለፈ በኋላ የሚያገኛት ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ብዙዎች ስሟን የሚያውቁት በማሽላና በሌሎች ሰብሎች ላይ በሚሠራው የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት ነው። ይሁን እንጂ ሲሪንቃም እንደ ማንኛዋም የመንገድ ዳር ከተማ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ነዋሪውና መንገደኛው ሻይ ቤት ተቀምጦ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥን የሚያነሳባት ከተማ ናት።

በእንዲህ ዓይነት ከተሞች የቴሌቪዥን ተመልካቹ ሁለት ልማድ አለው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያ በሚኖርበት ቀን ወጣቱ ጥቂት ብር ከፍሎ በተለምዶ ‹‹ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤት›› ተብሎ ወደሚጠራው አዳራሽ ይገባል። በበዓል ቀን ደግሞ ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የበዓሉን ልዩ ዝግጅት፣ በተለይም ኮሜዲውን ይጠባበቃል። ለኳሱ ይከፈላል፤ ለሳቁ ግን አይከፈልም።

ይህ ልዩነት ከምን የመነጨ ነው? በሌላው ዓለም ለኮሜዲ ብቻ የተቋቋሙና ተመልካቹ በየወሩ ከፍሎ የሚያያቸው ጣቢያዎች እንዴት ተፈጠሩ? በቀልድና በጨዋታ በበለጸገው የአማርኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ጣቢያ በሰፊው ሥር ሳይሰድ የቀረበት ምክንያትስ ምንድን ነው? ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ለሳቅ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ማወቅ፣ ሳቁ በማን ላይ ሊያነጣጥር እንደሚችል ለመረዳትም ይረዳል።

የደንበኝነት ቴሌቪዥን ምንነት

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ወጪያቸውን የሚሸፍኑባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መንግሥት ከሚመድበው በጀት ወይም ከተመልካቹ ከሚሰበሰብ ዓመታዊ ክፍያ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የማስታወቂያ ገቢ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተመልካቹ ደንበኛ ሆኖ በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

በሦስተኛው አሠራር ጣቢያው የሚያሰራጨው ምስል በሚስጥር ቁልፍ ተቆልፎ ወደ ሳተላይት ወይም ወደ ኬብል መስመር ይላካል። ተመልካቹ በጣሪያው ላይ ከሚተክለው ዲሽ በተጨማሪ ዲኮደርና የደንበኝነት ካርድ ያስፈልገዋል። ወርሃዊ ክፍያውን ሲፈጽም ቁልፉ ይከፈትለታል፤ ሳይከፍል ሲቀር ይዘጋበታል። አንድ ደንበኛ የሚከፍለው በአብዛኛው ለአንድ ጣቢያ ሳይሆን በጥቅል ለቀረቡ በርካታ ጣቢያዎች ነው። አቅራቢው ድርጅት ከሰበሰበው ገንዘብ ላይ ለየጣቢያው ድርሻውን ያካፍላል። በመሆኑም በጥቅሉ ውስጥ የሚካተት አንድ አነስተኛ ጣቢያ፣ ብቻውን ቢሆን ሊያገኝ የማይችለውን ገቢ ያገኛል። ለኮሜዲ፣ ለልጆች፣ ለታሪክ ወይም ለምግብ አሠራር ብቻ የቆሙ ጣቢያዎች መኖር የቻሉት በዚህ አሠራር ነው።

ሁለት ጣቢያዎች ተዳክመው አንድ የሆኑበት ታሪክ

በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው ኤች.ቢ.ኦ. የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1972 በፔንሲልቬንያ ግዛት በምትገኘው ዊልክስ ባሬ ከተማ ሥራ ሲጀምር የነበሩት ደንበኞች 365 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሥርጭቱን በሳተላይት ማስተላለፍ ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ሮበርት ክላይን የተባለው ኮሜዲያን በመድረክ ያቀረበውን ሥራ ሳይቆራርጥ አሳየ። ማስታወቂያ ሰጪ ድርጅቶችን የማስደሰት ግዴታ ያልነበረበት ጣቢያ በመሆኑ፣ ኮሜዲያኑ በሌሎች ጣቢያዎች ሊናገር የማይፈቀድለትን መናገር ችሏል። የደንበኝነት ክፍያና የኮሜዲ ነፃነት የተገናኙት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ለኮሜዲ ብቻ የቆመ ጣቢያ የመክፈት ሐሳብ ተግባራዊ የሆነው ከዐሥራ አራት ዓመታት በኋላ ነው። የኤች.ቢ.ኦ. ባለቤት የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 15 ቀን 1989 ‹‹ዘ ኮሜዲ ቻነል›› የተሰኘውን ጣቢያ ከፈተ። ጣቢያው ከፊልሞችና ከመድረክ ሥራዎች የተቀነጨቡ አጫጭር ቀልዶችን በአቅራቢዎች እየታጀበ ያቀርብ ነበር። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1990፣ የኤም.ቲ.ቪ. ባለቤት የሆነው ቪያኮም ‹‹ሃ!›› የተባለውን ተፎካካሪ ጣቢያ አስጀመረ። ይህኛው በአብዛኛው ቀደም ብለው የታዩ ተከታታይ የኮሜዲ ድራማዎችን ይደግም ነበር።

ውድድሩ ለሁለቱም አልበጀም። በወቅቱ የኬብል መስመሮች የሚይዙት የጣቢያ ብዛት ውስን ስለነበር የኬብል ድርጅቶች ሁለት የኮሜዲ ጣቢያዎችን በአንድ ጥቅል ለማካተት ፈቃደኞች አልነበሩም። ደንበኛ ሳይኖር የደንበኝነት ድርሻ አይኖርም፤ ተመልካች ሳይኖርም ማስታወቂያ አይገኝም። በመጨረሻ ሁለቱ ባላንጣዎች ተስማምተው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1991 ጣቢያዎቻቸውን አዋሐዱ። የመጀመሪያው የጋራ መጠሪያ ሲ.ቲ.ቪ. ከተባለው የካናዳ ጣቢያ ስም ጋር በመመሳሰሉ ከሁለት ወር በኋላ ተለውጦ ‹‹ኮሜዲ ሴንትራል›› ሆነ።

ጣቢያው በእግሩ የቆመው የሌሎችን ሥራ በመድገም ሳይሆን የራሱን በመሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው የፖለቲካ ጨዋታ፣ በ1996 የተከተለው ‹‹ዘ ዴይሊ ሾው›› የተባለው የዜና ምጸት ዝግጅትና በ1997 የቀረበው ‹‹ሳውዝ ፓርክ›› የተሰኘው የካርቱን ተከታታይ ሥራ በሰፊው እንዲታወቅ አደረጉት። በተለይ ‹‹ዘ ዴይሊ ሾው›› ከ1999 ጀምሮ በጆን ስቱዋርት መቅረብ ሲጀምር፣ የባለሥልጣናትን ንግግርና ድርጊት ጎን ለጎን እያሳየ የሚያስቅ የፖለቲካ ትችት መድረክ ሆነ። ቪያኮም እ.ኤ.አ. በ2003 የሸሪኩን ግማሽ ድርሻ ለመግዛት 1 ነጥብ 225 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር መክፈሉ ሳቅ ምን ያህል ንብረት ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ሌሎች ሀገሮችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው የፓራማውንት የኮሜዲ ጣቢያ በ2009 ኮሜዲ ሴንትራል የሚለውን ስም ያዘ። በካናዳ በ1997 የተቋቋመው የኮሜዲ ጣቢያ በ2019 ስሙን ለውጧል። በአፍሪካ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 በኤም-ኔት የተጀመረው የክፍያ ቴሌቪዥን፣ በ1995 ዲ.ኤስ.ቲቪ የተባለውን የሳተላይት አገልግሎት አስገኘ። የአፍሪካው ኮሜዲ ሴንትራል በዚሁ አገልግሎት ላይ ሥርጭቱን የጀመረው በ2011 ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ኮሜዲያን ትሬቨር ኖኅ እ.ኤ.አ. በ2015 የ‹‹ዘ ዴይሊ ሾው›› አቅራቢ ለመሆን መብቃቱ፣ ከአህጉሪቱ የሚወጣ ቀልድ ዓለም አቀፍ አድማጭ ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል።

ዲ.ኤስ.ቲቪ በኢትዮጵያም የሚታይ በመሆኑ ኮሜዲ ሴንትራል ወደ ሀገራችን ቤቶች ገብቷል። ይሁንና ኳስ ያለ ትርጉም ይታያል፤ ቀልድ ግን በቋንቋ ውስጥ የሚኖር ነው። የኒውዮርክ ወይም የጆሐንስበርግ ቀልድ ለሲሪንቃ ተመልካች እምብዛም አይጥመውም።

ከአለቃ ገብረ ሃና እስከ ‹‹ፋቡላ››

በሀገራችን ቀልድ አድማጭ ያጣበት ጊዜ የለም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት እየተዘዋወረ ሲያወድስም ሲሸነቁጥም ኖሯል። ክፍያው በግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት ብር ወይም የሚሰጠው ሽልማት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አለቃ ገብረ ሃና በልጃቸው ስም ከሚጠራው የተክሌ አቋቋም ጋር ስማቸው የሚነሳ ሊቅ ቢሆኑም፣ በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት መኳንንትንና ነገሥታትን ሳይቀር በነኩ ቀልዶቻቸው ነው። ለዚህ መንገድ የከፈተላቸው ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙን የሰማ ይስቃል፤ ወርቁን ያገኘ ደግሞ ራሱን ይመረምራል።

የዘመናዊው ቲያትር ታሪክም የሚጀምረው ከኮሜዲ ነው። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የፈረንሳዊውን ላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው ያዘጋጁት ‹‹ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ›› በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ቀረበ። ተውኔቱ በእንስሳት ጭምብል ተሸፍኖ የወቅቱን የአስተዳደር ብልሹነት የሚተች ነበር። ታዳሚዎቹ ወርቁን ለማግኘት ብዙ አልተቸገሩም። በዚህም ሳቢያ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ፤ ቲያትርም ለዓመታት ቆመ። እገዳው ከተውኔቱም በላይ ረጅም ዕድሜ ያለው ጥላ ጥሎ አልፏል። ሹሙ ራሱን በመድረክ ላይ ሲያይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያ ኮሜዲ ተለይቶ አያውቅም።

ቲያትር በ1920ዎቹ ዳግም ሲያንሰራራ፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ለኮሜዲ ቋሚ መድረክ ፈጠሩ። መንግሥቱ ለማ ‹‹ጠልፎ በኪሴ›› እና ‹‹ያላቻ ጋብቻ›› በተባሉት ተውኔቶቻቸው የጠለፋ ጋብቻንና የመደብ ልዩነትን በሳቅ ፈተሹ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የፈረንሳዊውን ሞልየር ኮሜዲዎች ወደ አማርኛ መለሱ። ተመልካቹም ቲኬት ቆርጦ እየገባ ሳቀ። ስለሆነም በሀገራችን ለሳቅ መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም።

የቴሌቪዥኑ ዘመንና የካሴቱ ገበያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ በመሆኑ ኮሜዲው የሚታየው በእርሱ በኩል ብቻ ነበር። ‹‹ሕብረ ትርዒት›› እና በኋላም ‹‹መቶ ሃያ›› የተሰኙት የመዝናኛ ዝግጅቶች፣ እንዲሁም የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ልዩ ዝግጅቶች ሀገር በሙሉ የሚጠብቃቸው ነበሩ። ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካ፣ ልመነህ ታደሰ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ክበበው ገዳ፣ እንዲሁም ጥንዶቹ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በዚህ መንገድ ከሕዝብ ጋር የተዋወቁ ባለሙያዎች ናቸው። አለባቸው ተካ ‹‹የአለቤ ሾው›› በተሰኘው ዝግጅቱ እንግዳን በጨዋታ እያዋዙ የማነጋገርን ስልት ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካች ካስተዋወቁት መካከል ይጠቀሳል።

የእነዚህ ኮሜዲያን ዋነኛ ጥሬ ዕቃ የዕለት ኑሮ ነበር። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ የሚያጋጥመው፣ የታክሲው ረዳትና የተሳፋሪው ንትርክ፣ የአከራይና የተከራይ ሙግት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጥናት በተደጋጋሚ ይቀርብ ነበር። ‹‹ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው››፣ ‹‹ነገ ተመለስ››፣ ‹‹ፋይሉ አልተገኘም›› የሚሉት አባባሎች የአስተዳደር ችግር ከመሆናቸው በፊትም ሆነ በኋላ የቀልድ ርዕስ ነበሩ። ተመልካቹ የሚስቀው ነገሩን ስለሚያውቀው ነው።

ይሁን እንጂ በዓመት ጥቂት ጊዜ በቴሌቪዥን በመቅረብ የሚገኝ ክፍያ ኑሮን ሊደግፍ አይችልም ነበር። ኮሜዲያኑ መተዳደሪያቸውን ያገኙት ከሌላ ቦታ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የቀልድ ካሴት፣ ከዚያም ቪሲዲ በስፋት ይሸጥ ነበር። ካሴቱን የገዛ ሰው በአውቶቡስ፣ በሱቅ፣ በመኖሪያ ቤት እየደጋገመ ያዳምጠዋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ለመንገደኛው የሚያሰማው ቀልድ ራሱን የቻለ የሥርጭት መስመር ነበር። ካሴቱ በአሠራሩ ከደንበኝነት ቴሌቪዥን ጋር ይመሳሰላል። ከፋዩ አድማጩ ራሱ ነው፤ ባለሙያውም የሚያስበው ለአድማጩ ነው።

ይህን ገበያ ያፈረሰው ኮፒ ነው። ካሴት በካሴት ላይ፣ ቪሲዲ በኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ሲባዛ ገዢው ለኦሪጅናሉ መክፈሉን ተወ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውና በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው ይህን መሰሉን ችግር ለመፍታት ነው። የማሻሻያው አዋጅ የመብት ባለቤቶች በጋራ ተደራጅተው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን ሥርዓት ጨምሯል። የሕጉ መውጣት ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ለካሴቱ ገበያ ዘግይቶ ደርሷል።

ሳተላይትና ነፃው ምስል

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሜሪላንድ በኢትዮጵያውያን የተቋቋመው ኢ.ቢ.ኤስ. በሳተላይት ሥርጭት ሲጀምር ለመዝናኛው ዘርፍ አዲስ በር ተከፈተ። ‹‹ሰይፉ በኢ.ቢ.ኤስ.›› የተሰኘው የሰይፉ ፋንታሁን ዝግጅት ጨዋታንና ቃለ ምልልስን በማጣመር በሳምንቱ መጨረሻ ሰፊ ተመልካች አገኘ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥላሁን ጉግሳ ያዘጋጀው ‹‹ቤቶች›› የተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ በአንድ ቤተሰብ ሕይወት ዙሪያ በማጠንጠን፣ ኮሜዲ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱም ሊታይ እንደሚችል አረጋገጠ።

በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ሀገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ በነፃ ማቅረቡ የሀገር ውስጥ ባለሙያዎችን ቅሬታ አስነስቶ እንደነበር ይታወሳል። ቅሬታው መሠረት ነበረው። በነፃ የሚመጣ በርካታ ሥራ ባለበት ገበያ ውስጥ አዲስ ሥራ ሠርቶ ክፍያ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ፋና ቴሌቪዥንን ጨምሮ በርካታ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በፋና የቀረበው ‹‹ምን ልታዘዝ›› የተሰኘው ተከታታይ ኮሜዲ በአንድ ካፌ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች አማካይነት የሀገሪቱን ፖለቲካና የባለሥልጣናቱን አነጋገር በምሳሌ ያዋዛ ነበር። ካፌው አገር፣ የካፌው ሥራ አስኪያጅ መንግሥት፣ አስተናጋጁ ዜጋ ሆኖ ለሚያየው ተመልካች ሰምና ወርቁ ግልጽ ነበር። ዝግጅቱ በ2011 ዓ.ም. ከአየር ወረደ። ከ‹‹ፋቡላ›› ወደ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኢትዮጵያ ተመልካች በእንስሳት ጭምብል ፋንታ የአስተናጋጅ ሽርጥ ተመለከተ ማለት ይቻላል።

ክፍያው በሀገራችን

የክፍያ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የሚታወቀው በአመዛኙ በኳስ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም ቢሆን በአፍሪካ የክፍያ ቴሌቪዥን የሚሸጠው በእግር ኳስ መሆኑ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአፍሪካ ሥራ የጀመረው ጂ ቲቪ የፕሪሚየር ሊግን መብት ገዝቶ ከዲ.ኤስ.ቲቪ ጋር ሊፎካከር ቢሞክርም፣ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ ኖሮት በጥር 2009 ተዘግቷል። ይህም የዘርፉ ወጪ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

በአማርኛ የሚሠራ የክፍያ ጣቢያ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በዚያ ዓመት የዲ.ኤስ.ቲቪ ባለቤት የሆነው መልቲቾይስ ‹‹አቦል ቲቪ›› የተሰኘ፣ በሀገር ውስጥ ባለሙያዎች የተሠሩ ድራማዎችና የመዝናኛ ሥራዎች የሚቀርቡበት ጣቢያ ከፈተ። የፈረንሳዩ ካናል ፕላስም በዚያው ዓመት በአማርኛ የተሰናዱ ጣቢያዎችን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገብቶ ነበር። ካናል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2025 መልቲቾይስን ጠቅልሎ በመያዙ ሁለቱ የአፍሪካ የክፍያ ቴሌቪዥን ተፎካካሪዎች በአንድ ባለቤት ሥር ሆነዋል። የኮሜዲ ሴንትራል ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ነው፤ ሁለት ጣቢያ መሸከም የማይችል ገበያ ባለቤቶቹን ወደ ውሕደት ይገፋል።

አቦል የድራማና የአጠቃላይ መዝናኛ ጣቢያ እንጂ ለኮሜዲ ብቻ የቆመ አይደለም። ይሁንና ትምህርት ሰጥቷል። አንድ የአማርኛ ሥራ ከተመልካቹ ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ተሠርቶ ሊታይ እንደሚችል አሳይቷል።

ለምን ዘገየ?

ለኮሜዲ ብቻ የቆመ የአማርኛ የደንበኝነት ጣቢያ ሥር እንዳይሰድ ያደረጉት ምክንያቶች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

አንደኛው የይዘት ክምችት ጉዳይ ነው። የውጭዎቹ ጣቢያዎች ሲጀምሩ ለዐሥርት ዓመታት የተከማቹ ፊልሞችና ተከታታይ ኮሜዲዎች ስለነበሯቸው ክፍተቱን በድጋሚ ሥርጭት ይሞሉ ነበር። ጣቢያ በቀን 24 ሰዓት የሚበላ አፍ ነው። የእኛ ክምችት ግን በከፊል በቀጥታ ሥርጭት አልፎ የቀረ፣ በከፊል በተበላሸ ካሴት ላይ ያለ፣ በከፊልም የባለቤትነት መብቱ በግልጽ ያልተለየ ነው።

ሁለተኛው አቅም ነው። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ከቤት ኪራይ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያና ከአስቤዛ ተርፎት ለቴሌቪዥን የሚከፍለው ገንዘብ ውስን ነው። በጋራ መክፈል የተለመደውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዲኮደሩ ባለቤት ይልቅ በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይበዛል፤ የጣቢያው ሒሳብ ግን የሚቆጥረው ዲኮደሩን ብቻ ነው።

ሦስተኛው መሠረተ ልማት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ወርሃዊ ደንበኝነት ባልታየ ቀን ላይ የሚከፈል ገንዘብ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ ምክንያት የመብራትና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦባቸው እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ወደ ጥንቱ ጣቢያው ይመለሳል፤ ይኸውም በእሳት ዳር የሚወራው ጨዋታ ነው።

አራተኛው ደግሞ ዩቲዩብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ይህ አገልግሎት ኮሜዲያን ያለ ጣቢያ ፈቃድ በቀጥታ ወደ ተመልካቹ እንዲደርስ አስችሏል። ዶንኪ ቲዩብ የተሰኘውን የኮሜዲያን እሸቱ መለሰ ገጽ የመሳሰሉት በሀገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ማሰባሰብ ችለዋል። በእጅ ስልክ ላይ በነፃ የሚታይ ቀልድ ባለበት ዘመን ኮሜዲ ሴንትራልን የመሰሉ አንጋፋ ጣቢያዎች እንኳ ድጋሚ ሥራዎች እየበዙባቸው ተመልካቻቸው እየሳሳ መጥቷል። ይሁን እንጂ ዩቲዩብ ነፃ የሚባለው ለተመልካቹ ነው። የሚከፍለው ማስታወቂያ ሰጪው ስለሆነ የሚሸለመው ብዙ ጊዜ የሚታየው እንጂ በጥንቃቄ የተጻፈው አይደለም። አሥር ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ለወራት የሚጽፈው ኮሜዲ በዚህ ሒሳብ አያዋጣም።

የመንግሥት አካላት ድርሻ

መንግሥት የኮሜዲ ጣቢያ ሊከፍት አይጠበቅበትም። ነገር ግን ሜዳውን የማስተካከል ኃላፊነት አለበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ ጭምር የመግለጽ ነፃነትን አረጋግጧል። በአንቀጽ 91 ደግሞ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለሥነ ጥበብ እድገት ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። የብሮድካስት ዘርፉ ከአዋጅ ቁጥር 178/1991 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 533/1999 አልፎ፣ እስከ መገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ድረስ የሕግ ማዕቀፍ ተበጅቶለታል። ሕጉ አለ፤ የሚቀረው አፈጻጸሙ ነው።

በአፈጻጸም ረገድ ሦስት ጉዳዮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የቆዩ የኮሜዲ ሥራዎችን አፈላልጎ፣ ወደ ዲጂታል ገልብጦና የመብት ባለቤታቸውን ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሥራ ከዘገየ ለወደፊቱ ጣቢያ የሚሆን ስንቅ አይኖርም። ሁለተኛው የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ክፍያን በአግባቡ እንዲሰበስቡ ማገዝ ነው። የኮሜዲያኑ ሥራ በምግብ ቤት፣ በአውቶቡስና በስልክ ላይ በሚታይበት ጊዜ ድርሻው ሊደርሰው ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና ሌሎች የሞባይል ክፍያ አገልግሎቶች ጥቂት ብር እንኳ በቀላሉ ለመክፈል ስላስቻሉ፣ የወር ደንበኝነት የከበደው ሰው በአንድ ዝግጅት ልክ የሚከፍልበት አሠራር ሩቅ አይሆንም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ግን አዋጅ አያስፈልገውም። ቀልድ የሚያነጣጥርበት ሹም ወይም ሠራተኛ ቀልዱን እንደ ጥቃት ሳይሆን እንደ መረጃ መመልከት ይኖርበታል። ‹‹ነገ ተመለስ›› በሚለው ቀልድ ሀገር በሙሉ ከሳቀ፣ ሀገር በሙሉ ነገ ተመለስ ተብሏል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግም። በ1913 ዓ.ም. የ‹‹ፋቡላ›› ታዳሚዎች ይህን መረጃ በነፃ አግኝተው ነበር፤ የመረጡት ግን መጋረጃውን መዝጋት ነው።

የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል አንድን የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ከማቅረቡ በፊት በአካባቢው አፈርና ዝናብ ይፈትነዋል። ኮሜዲም እንዲሁ ነው። ከኒውዮርክ የመጣ ጣቢያ አሠራሩን ሊያስተምረን ይችላል፤ ዘሩ ግን በሀገር አፈር ሊበቅል ይገባል። አፈሩ መኖሩን በበዓል ቀን በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ተሰብስቦ የሚስቀው ሕዝብ ይመሰክራል። ባለሙያው ሠርቶ እንዲኖርበት፣ ተመልካቹም አቅሙ በፈቀደ መጠን ከፍሎ እንዲያየው የሚያደርግ ሥርዓት ከተዘረጋ፣ ለኳሱ የሚወጣው ብር ለሳቁም የማይወጣበት ምክንያት አይኖርም።